የሽመላና የጎታ ውል

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ተረት ክንፍ አለውና አጥብቃችሁ ያዙልኝ። እኔ «ልብረር?» ስል እናንተ «ብረሪ!» በሉኝ።

ልብረር?

እሰይ፣ የኔ ልጆች።

ድሮ፣ እንስሳው ሁሉ አፍ በነበረበት፣ ዛፉም ሸክላውም ሲጠሩት «አቤት» በሚልበት ዘመን፣ አንድ ትልቅ ገደል ነበረ። ወዲህ አገር፣ ወዲያ አገር፤ መሀሉ ገደል። ቁልቁል ያየ ራሱ ይዞራል። ክንፍ የሌለው በእግሬ ልውረድ ካለ፣ ዝንጀሮም ይሁን ሚዳቋ፣ ተመልሶ አይወጣም።

ይህን ገደል የሚያሻግሩ ሁለት ወፎች ነበሩ። አንዷ እሜቴ ሽመላ ናት፤ እግሯ ረጅም፣ አነጋገሯ ቀስ ያለ። ሌላው አያ ጆፌ አሞራ ነው፤ አንገቱ መላጣ፣ አፉ ስል። ሁለቱም ቅርጫት በእግራቸው አንጠልጥለው፣ ተሳፋሪ ጭነው፣ ሽው! ወዲያ ማዶ። ሽው! ወዲህ ማዶ።

ታዲያ ባዶ ክንፍና የተጫነ ክንፍ አንድ አይደለም። ተሳፋሪ ይዞ ገደል ለመሻገር ኑግ መብላት ግድ ነው። ኑግ ቅባት አለው፤ ቅባቱ ክንፍ ውስጥ ይገባል። ኑግ ያልበላች ወፍ መሀል ገደል ላይ ክንፏ ይዝላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እኔም አልነግራችሁ፣ እናንተም አትጠይቁኝ።

ኑጉ ያለው ጋሽ ጎታ ሆድ ውስጥ ነበር። ጋሽ ጎታ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ ወፍራም፣ ክዳኑን እንደ ቆብ የደፋ ጎታ ነው። ጉንዳኖች ከየማሳው ኑግ ያመጡለታል፤ እሱ ደግሞ ለወፎች በጨው ይሸጣል። ዋጋውን ጧት ጧት የሚያወራው ነፋስ ነው። አንድ ቀን «ኑግ ረከሰ! ኑግ ረከሰ!» እያለ ይሮጣል። በማግስቱ «ኑግ ተወደደ!» እያለ ያፏጫል። ነፋስ «ረከሰ» ካለ መሳፈሪያው ሁለት አሞሌ ጨው ይሆናል። «ተወደደ» ካለ አምስትም ስድስትም ይሆናል።

በዚያ አገር እትዬ ጃርት የምትባል እናት ነበረች። አንዲት ልጇን እንኮዬን ወዲያ ማዶ ዳረች። ሙሽራዋ ቅርጫት ውስጥ ገብታ ስታለቅስ እናቷ እንዲህ አለቻት፦

«አይዞሽ የኔ እናት። የመጀመሪያ ልጅሽን ስታምጪ አጠገብሽ ነኝ። እጅሽን የምይዘው እኔ ነኝ።»

ወጉም ይህ ነው። ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ እናቷ ከጎኗ ትሆናለች። እናቷ ያልደረሰችላት አራስ ቤቷ ሙሉ ሰው ቢሆን እንኳ ባዶ ነው።

እትዬ ጃርት ሀብት የላትም። የሚረግፈውን እሾኋን እየለቀመች ለጉሬዛ ትሸጣለች፤ ጉሬዛ ያን ረጅም ጠጉሯን በእሾህ እየከፈለች ትሠራበታለች። እትዬ ጃርት እንዲህ እያለች ሦስት አሞሌ አጠራቀመችና ልጇን ልታይ ገደሉ አፋፍ ደረሰች።

«እሜቴ ሽመላ፣ ይኸው ሦስት አሞሌ። ያሻግሩኝ።»

«እትዬ ጃርት፣ ዛሬ አምስት ነው» አለች ሽመላ።

«ትናንት ሦስት አልነበረም እንዴ?»

«ትናንት ሦስት ነበር። ጧት ነፋስ መጣ።»

«እንግዲህ መቼ ልምጣ? ስንትስ ልያዝ?»

«እሱን ነፋስን ጠይቂው።»

«ነፋስ አሞሌ ይሰጠኛል እንዴ እሜቴ? እኔ እሾህ የምሸጥ ሴት ነኝ። የምይዘውን ካላወቅሁ ስንት እንደማጠራቅም በምን አውቃለሁ? ልጄ ምጥ የያዛት ቀን ነፋስ ስድስት ቢልስ?»

 እትዬ ጃርት አሞሌዋን ቋጥራ፣ እሾኋን አጣጥፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሽመላ ከኋላዋ አየቻት። እውነት ለመናገር እሷም ራሷ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። ነገ ኑጉ ስንት እንደሚሆን ሳታውቅ ነው የምታድረው።

ልብረር?

መሳፈሪያው እንደገና ሦስት በሆነበት ቀን ሽመላ በረረችና ጋሽ ጎታ ዘንድ ሄደች። ብታየው እሱም ፊቱ ጨፍግጓል።

«ምነው ጋሽ ጎታ? ሆድዎ ሞልቶ!»

«መሙላቱ ነው እኮ የሚያስጨንቀኝ» አለ ጎታ በወፍራም ድምፁ። «ማሳው ሁሉ ኑግ ከሰጠ ማን ይገዛኛል? ነቀዝ ይበላኛል። ጉንዳኖቹ ያ ሁሉ ልፋታቸው ገደል ይገባል። እኔ መርከሱን ስፈራ አድራለሁ።»

«እኔ መወደዱን ስፈራ አድራለሁ» አለች ሽመላ።

ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ።

«ጋሽ ጎታ፣ እንግዲያው አንድ ነገር እናድርግ። ይህን ዓመት በሙሉ ኑግዎን በዛሬው ዋጋ ይስጡኝ። ነገ ቢወደድም በዛሬው፣ ነገ ቢረክስም በዛሬው።»

«ቢረክስም? አትክጂኝም?»

«ቢረክስም። እርስዎስ ቢወደድ አይክዱኝም?»

«ዋስ እንጥራ!»

የጠሩት አባ ዋርካን ነው። አባ ዋርካ ሥሩን ዘርግቶ፣ ቅጠሉን አንሾካሹኮ አዳመጠና፣ «ሁለታችሁም ከልባችሁ ነው?» አለ። «ከልባችን ነው» አሉ። «እንግዲያውስ እኔ ዋስ ነኝ። አፍራሽ ቢኖር ከጥላዬ ሥር አይቀመጥም» አለ። ሽመላም ያን ዕለት አፋፉ ላይ ቆማ አወጀች፦

«ስሙ! ዓመቱን ሙሉ መሳፈሪያዬ ሦስት አሞሌ ነው! ነፋስ ያሻውን ይበል!»

ወር ሳይሞላ አንበጣ መጣ። ሰማዩን ሸፈነው፣ ማሳውን ላጨው። ነፋስ እየጮኸ ሮጠ፤ «ኑግ ተወደደ! ኑግ ጠፋ! ኧረ ኑግ!» አያ ጆፌ ከየማሳው የተረፈውን በውድ እየገዛ መሳፈሪያውን ሰባት አደረሰው። ሽመላ ግን ሦስት!

ከሩቅ አገር የመጡ ወፎች ጎታን ከበቡት። «ለሽመላ ከምትሸጥበት እጥፍ እንስጥህ! የእጥፍ እጥፍ እንስጥህ!» ጎታ ይሰማል፣ ያለቅሳል። እንባው ጭቃውን እያረጠበ ይወርዳል። ግን ክዳኑን የከፈተው ለሽመላ ብቻ ነው። ቃሉ ቃል ነበር።

እንስሳው ሁሉ ከጆፌ ቅርጫት እየዘለለ ወረደና ወደ ሽመላ ቅርጫት ገባ። እትዬ ጃርትም ሦስት አሞሌዋን ከፍላ ልጇን አይታ መጣች። ቅርጫት ብቻ ነበር ያማረረው፤ «እትዬ ጃርት፣ ኧረ እሾህሽን ሰብስቢልኝ! ወንፊት አደረግሽኝ እኮ!»

አያ ጅቦም ከፊት ቆሞ ጮኸ፦ «ሽመላ ነቢይ ናት! አንበጣው ሳይመጣ አወቀች! እልል በሉላት!»

ሁሉም እልል አለ። ሽመላ «ኧረ እኔ የማውቀው ነገር የለም» ልትል አፏን ከፈተች። ግን እልልታው ጣማት። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ልጆቼ፣ ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ዓመቱ ዞረ። ውሉ አለቀ። ኑግ ገና እንደተወደደ ነው። ሽመላ አንገቷን ቀስራ ጎታ ዘንድ ሄደች።

«የሚመጣውን ዓመት ኑግ በሙሉ በዛሬው ዋጋ እገዛለሁ። በሙሉ!»

«ዛሬ እኮ ውድ ነው፣ እሜቴ» አለ ጎታ።

«ከዚህም ይብሳል። እኔ አውቃለሁ።»

አባ ዋርካ ቅጠሉን አወዛወዘ። «ዝናቡ ያለው በእግዜር እጅ ነው። ላንቺ ነገረሽ እንዴ፣ ልጄ?»

«አባ ዋርካ፣ አምናም ያወቅሁት እኔ ነኝ። ዋስ ይሁኑኝ እንጂ አይምከሩኝ።»

ዋርካም እንዳለችው ዋስ ሆነ።

ዝናቡም መጣ! እንዴት ያለ ዝናብ! ማሳው ሁሉ ቢጫ አበባ ለበሰ፤ ንቦች መንገድ ጠፋቸው። ነፋስ እየጨፈረ መጣ፤ «ኑግ ረከሰ! ኑግ ተዝረከረከ!» አያ ጆፌ ከየማሳው በርካሽ እየገዛ መሳፈሪያውን ሁለት አደረገው። ሽመላ በውድ ስለገዛች ስድስት ካላስከፈለች የኑጓን ዋጋ አትመልስም።

እንስሳው ሁሉ ከሽመላ ቅርጫት እየዘለለ ወረደና ወደ ጆፌ ቅርጫት ገባ።

«ነቢይቱ እንደምን አደርሽ?» አላት አያ ጅቦ እየሳቀ። «ዛሬስ ምን ታየሽ?»

እትዬ ጃርት አጠገቧ መጥታ ቆመች፤ አፈረች። «እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ስድስት ከየት አመጣለሁ? ልጄ አርግዛለች አሉኝ። ዓይኗን ልየው ብዬ ነው።»

«ሂጂ፣ እትዬ። ሁለት እያለ ስድስት አይከፈልም» አለች ሽመላ። 

አያ ጆፌ ተሳፋሪ አውርዶ ሲመለስ አጠገቧ አረፈ። «ሞኝ አትሁኚ። ውሉን ተዪዋ! ጎታ ጭቃ ነው፣ እግር የለው፣ አያሳድድሽ። እንደ እኔ የዕለቱን በዕለቱ ግዢ።»

ሽመላ ልቧ ሸፈተ። ወደ አባ ዋርካ በረረችና «ከዚህ ውል አውጡኝ» ብላ ለመነችው።

ዋርካም ጠየቃት። «አንበጣ የመጣ ጊዜ ጎታ ሲያለቅስ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«አውጡኝ አለሽ?»

ሽመላ ረጅም አንገቷን ደፋች። ተመልሳ ሄደች፤ ዓመቱን ሙሉ ውዱን ኑግ በላች፤ ቅርጫቷን ባዶውን እያንጠለጠለች ጥቂት መንገደኛ ፈለገች። ላባዋ ሳሳ፣ የጎድን አጥንቷ ታየ። ቅርጫት እንኳ አዘነላት፤ «እትዬ ጃርት ምነው በወጋችኝ!» ይል ጀመር።

ልብረር? ጮክ በሉ! ልብረር?

ሦስተኛው ዓመት ገባ። ሽመላ ጎታ ዘንድ ስትመጣ የመጀመሪያው ዓመትም ሽመላ፣ የሁለተኛው ዓመትም ሽመላ አልነበረችም።

«ጋሽ ጎታ፣ ተሳስቻለሁ። ውሉን የገባሁት ለመተኛት ነበር። ሰዉ ነቢይ ሲለኝ ጊዜ ለማሸነፍ አደረግሁት።»

«ታዲያ ዘንድሮ ይቅር?»

«አይቀርም። ግማሹን ኑግ በውል ይስጡኝ። ግማሹን እንደ ነፋሱ እገዛለሁ። ቢወደድ በውል ያለው ግማሼ ይተርፋል። ቢረክስም የቀረው ግማሼ በርካሹ ይገዛል።»

«እኔም ግማሽ እንቅልፍ አገኛለሁ ማለት ነው» አለ ጎታ፤ ክዳኑ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። አባ ዋርካም ሳይጠሩት «ዋስ ነኝ!» አለ።

ሽመላ አፋፉ ላይ ወጥታ አወጀች፦ «ኑግ ከረከሰ ሦስት አሞሌ፣ ከተወደደ አራት አሞሌ። ከአራት አይበልጥም! መቀመጫ የሚፈልግ ካሁኑ ይናገር።»

አያ ጆፌ ያን ጊዜ ሁለት ነበር የሚያስከፍለው። ሁሉም ሳቀ። እትዬ ጃርት ብቻ ወጥታ፣ «እሜቴ፣ እንኮዬ የምትወልድ ቀን መቀመጫ ይያዙልኝ። አራት አሞሌ ይዤ እመጣለሁ» አለች።

«ምን ነካሽ?» አለቻት ጉሬዛ ጠጉሯን እየከፈለች። «ሁለት እያለ አራት?»

«ሁለቱ የዛሬ ነው፣ እህቴ። ልጄ የምትወልደው ዛሬ አይደለም።»

ከዚያ እሾህ ስትለቅም፣ እሾህ ስትሸጥ፣ አራት አሞሌ ሞላላት። ለገንፎ የሚሆን ዱቄትና ቅቤም አሰናዳች። ማታ ማታም «አምላኬ፣ በሰላም አገላግልልኝ፤ እኔንም አድርሰኝ» ትላለች።

አንድ ጧት ነፋስ ሁለት ወሬ ይዞ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣ።

«ተምች ወረደ! ኑግ ጠፋ! ኑግ ተወደደ!» አለ። ዞር ብሎ ደግሞ፣ «እትዬ ጃርት! እትዬ ጃርት! እንኮዬን ምጥ ይዟታል! እማዬ እያለች ነው!»

እትዬ ጃርት ዱቄቷን አንጠልጥላ፣ አሞሌዋን ቋጥራ ሮጠች። እሾኋ እየተንኳኳ፣ ኮሽ ኮሽ ኮሽ! አፋፉ ላይ ስትደርስ አገር ተሰብስቧል። አያ ጆፌ «ዘጠኝ!» ይላል። ያንኑ ዘጠኝ ያመጡለትን ደግሞ፣ «ቆዩ፣ ኑጉን እስካገኝ» ብሎ ያስቆማቸዋል። የዕለቱን በዕለቱ ይገዛ ስለነበር ሆዱ ባዶ ነበር።

ኑግ የበላችው ሽመላ ብቻ ናት። ቅርጫቷ ውስጥ የቀረው አንድ መቀመጫ ብቻ ነው። የእትዬ ጃርት መቀመጫ።

አያ ጅቦ ሁሉንም ገፍቶ መጣ። «ሽመላ! ወዲያ ማዶ አህያ ሞቷል። ዘመዴን የቀበርኩ ያህል ነው ሐዘኔ፤ ካልደረስኩ ሌላው ይበላ… ይቀብረዋል። አሥር አሞሌ! ያን መቀመጫ ለእኔ!»

«የተያዘ ነው» አለ ቅርጫት።

«ዝም በል አንተ ስንደዶ! ሽመላ፣ አሥራ ሁለት! ለመሆኑ ጃርት ስንት ልትከፍልሽ ነው?»

«አራት» አለች ሽመላ።

«አራት! ኑግ በዚህ ዋጋ እያለ አራት! የጎድን አጥንትሽን አላየሽውም? አምና ከሰርሽ፤ ዘንድሮ እግዜር ከፈተልሽ። ሁሉም ዘጠኝ በሚያስከፍልበት ቀን ማን ይወቅስሻል? አሥራ አምስት! ይኸው ጨዉ!»

ጨዉን አፋፉ ላይ ዘረገፈው። ነጭ፣ የሚያበራ ጨው። ሽመላ አየችው። አምና ባዶ ቅርጫት ያንጠለጠለችባቸው ቀናት ሁሉ ፊቷ ድቅን አሉ። ምራቋን ዋጠች።

እትዬ ጃርት አልጮኸችም። አራቱን አሞሌ በመዳፏ ይዛ ቆማለች።  ከማዶ በኩል ነፋስ መጥቶ ጆሮዋ ሥር፣ «እማዬ የት አለች ትላለች» አላት።

«እሜቴ» አለች በቀስታ፣ «ከዚህ በላይ የለኝም። የነገሩኝን ነው ያመጣሁት።»

ሽመላ ረጅም አንገቷን ወደ ጅብ አዞረች።

«አያ ጅቦ፣ ጨውህን ልቀም። ኑጉን በቃል ገዛሁ፤ ጎታ አልካደኝም። መቀመጫውን በቃል ሸጥኩ፤ እኔም አልክድም። እትዬ፣ ግቢ! እሾህሽን ሰብስቢ!»

«አትሰብስብ! ትውጋኝ!» አለ ቅርጫት በደስታ። «ግቢ እትዬ፣ ግቢ!»

ሽመላ ክንፏን ዘረጋች። ሽው! አፋፉ ከሥር ጠፋ። መሀል ገደል ላይ ነፋስ ከፊት መጣባት፤ ቅርጫቱ ዥው አለ፤ እትዬ ጃርት ዓይኗን ጨፍና «ድረስልኝ አምላኬ! ድረስልኝ!» አለች። የሽመላ ክንፍ ግን አልዛለም። የጎታ ኑግ ቅባቱ ውስጧ ነበር። ክንፍ፣ ክንፍ፣ ክንፍ! የማዶው ዛፍ ታየ። የማዶው ቤት ታየ። ሽመላ ሜዳ ላይ አላረፈችም፤ በር ላይ ወስዳ ቁጭ አደረገቻት።

እንኮዬ ውስጥ ሆና «እማዬ!» አለች።

«መጣሁ የኔ እናት! ይኸው እጄ!»

እጇን እንደያዘቻት ልጅ መጣች። እሾኋ ገና ለስላሳ፣ እንደ ሣር የሚተኛ፣ ትንሽዬ ጃርት! እልልታው ቤቱን ሞላ። ሽመላ ደጅ ቆማ ሰማችው። ይህ እልልታ ለእሷ አልነበረም፤ ግን ነቢይ ሲሏት ከተባለው ይበልጥ ጣማት።

በማግስቱ ገንፎው ተሠራ። የመጀመሪያውን ጉርሻ እትዬ ጃርት ለአራሷ ሰጠች። ሁለተኛውን ይዛ ወጥታ ለሽመላ አጎረሰቻት። ቅቤው መንቁሯ ላይ እየፈሰሰ ሽመላ እንዲህ አለች፦

«እትዬ፣ ለከርሞም ዋጋውን ቀድሜ እነግርሻለሁ። ርካሽ ይሆናል አልልሽም። የነገርኩሽ ግን ይሆናል።»

ልጆቼ፣ ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቀው አንድ እግዜር ነው። እኛ ለነገ የምናኖረው ቃላችንን ነው፤ ቃሉን ያላጠፈ፣ ቢወደድም ቢረክስም፣ የሚጠብቀውን ሰው ካሰበበት ያደርሳል።

ተረቴን እዚህ አሳረፍኩት። እናንተም በሰላም እደሩ፣ ሁላችንንም በደህና ያንቃን።